ተሰርዞ የተላከው አሥረኛ መጽሐፍ

ኬተር ክሪክ፣ አይዋ
ሴፕቴምበር 11 ቀን 2023

ውድ ሚስ ፔል፤

እንደምን ሰነበቱልኝ? የአሪዞናው ሙቀት ጋብ አለ? የእህትዎ የሚስ ሉሲል ወገብስ? እኔ ደህና ነኝ። በጋውን ሙሉ ድምፄን በማጥፋቴ ይቅርታ ያድርጉልኝ። ስልክ ብደውል ጆሮዎ አይሰማኝም፤ ኮምፒውተር ደግሞ ቤቴ አይገባም ብለው ምለዋል። ስለዚህ ብዕር ላለማንሳቴ ከስንፍና በቀር ሰበብ የለኝም።

የጠየቁኝን በተራ ልመልስ። የቤተ መጻሕፍቱ ጣሪያ ተጠግኗል። መስኮቱ ላይ የተዉልኝ አበባ ሞቷል፤ ሦስት ጊዜ ስለጠየቁኝ ነው የማወጣው እንጂ ሆድ ይፍጀው ብዬ ነበር። የእናቴ መቃብር ሣሩ ታጭዷል። በየደብዳቤው ስለ እሷ መጠየቅዎ ይገርመኛል፤ እርስዎና እሷ የእግዜር ሰላምታ እንኳ አትለዋወጡም ነበርና። ልጅ ሳለሁ ቅዳሜ ቅዳሜ እኔን ከፒካፕ መኪናዋ ታወርዳለች፤ ሞተሩን ሳታጠፋ ደጅ ትጠብቀኛለች፤ እግሯ ግን ደጃፉን አይረግጥም። ነፍሷን ይማርና እናቴና መጽሐፍ አይተዋወቁም ነበር።

አሁን ወደ ልመናዬ ልምጣ። ካለፈው ምርጫ ወዲህ ሰው ሁሉ እዚህ ጠረጴዛ ላይ ተደግፎ አንድ ጥያቄ ይጠይቀኛል። ትናንት ደግሞ የመኖ ሱቁ ቨርሊን ስታቢ መጣ። የቦርዳችን ሰብሳቢ አሁን እሱ ነው። «ትዊላ፣ ወንድሜ በምስጋና ቀን ግብዣ ላይ በምርጫው ተጣልተን ቱርክ ዶሮው ሳይቆረስ ኮቱን አንስቶ ሄደ። ዓመት ሊሞላን ነው አልተነጋገርንም። እስቲ ይቺ አገር ምን እንደነካት የሚነግረኝ መጽሐፍ ስጪኝ» አለ። ቀጠለና «ወፍራም እንዳይሆን ብቻ» አለኝ።

ስለዚህ በሩ አጠገብ አንድ መደርደሪያ ላቆም ነው። አገራችንን ለመረዳት የሚጠቅሙ አሥር መጻሕፍት፣ ልብ ወለድም ጭምር። በተለይ ገና ስላልመጣ ክፉ አገዛዝ የተጻፉትን እፈልጋለሁ፤ ሰው ስለ ዛሬ ሲነግሩት ይቆጣል፣ ስለ ነገ ሲነግሩት ግን ያዳምጣል። ዝርዝሩን እርስዎ እንዲያወጡልኝ ነው የምለምነው። ይህን ቤተ መጻሕፍት ሠላሳ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ሲመሩ መጽሐፍ ይውጣ የሚል አንድ አቤቱታ ሳይቀርብብዎ እንዴት እንደዘለቁም ምሥጢሩን ቢነግሩኝ።

አክባሪዎ፣
ትዊላ ኦስተርማን


ቱሶን፣ አሪዞና
ሴፕቴምበር 18

ልጄ ትዊላ፤

በአበባው አትዘኚ። እኔም ሁለት ጊዜ ገድዬ፣ ሁለት ጊዜ ተመሳሳይ ገዝቼ በድብቅ ተክቻለሁ። ሉሲል ደህና ናት፤ አሟት ከምትቆጣው ተሽሏት የምትቆጣው ይብሳል።

ቨርሊን አንድ መጽሐፍ ብቻ ከፈለገ አትስጪው። አንድ ያነበበ ሰው ይከራከራል፤ አሥር ያነበበ ትንሽ ዝም ይላል። መጀመሪያ ሕገ መንግሥቱ በጻፉት ሰዎች ጭቅጭቅ እንዴት እንደተወለደ የሚያሳይ አንድ ታሪክ ስጪው፤ አባቶቻችን መላእክት እንዳልነበሩ ይወቅ። ከዚያ ዋሽንግተን ውስጥ ሃያ ዓመት ለሴናተሮች ያበሰለችውን ሴት ማስታወሻ። ማን ከማን ጋር እንደበላ ካላወቅሽ ማን ለማን ድምፅ እንደሰጠ አይገባሽም። ሚሲሲፒ ውስጥ ለምርጫ ለመመዝገብ ሰባት ጊዜ ሄዳ ሰባት ጊዜ የተመለሰችውን እናት ታሪክ አትርሺ፤ እሱን ዓይን በሚያርፍበት ቦታ አድርጊው። የምርጫ ክልል ካርታ የሚሥሉትን ሰዎች የሚያጋልጠው መጽሐፍ አሰልቺ ነው፤ ቢሆንም ይግባ። የቀሩትን ከደብዳቤው ጋር ባያያዝኩት ወረቀት ላይ ታገኛለሽ።

ዘጠነኛው ልብ ወለድ ነው። ሰዓቷን በአዋጅ ወደ ኋላ ስለመለሰች ከተማ ያወራል፤ የሚያስቅ ይመስልና መጨረሻው ላይ ያስለቅሳል። አሥረኛውን ጽፌ ሰርዤዋለሁ። አትጨነቂበት። ዘጠኝም መልካም ቁጥር ነው።

ምሥጢሩን ጠይቀሻል። ሰውን ማወቅ ነው፤ ሌላ ምንም የለውም።

ዶርካስ ፔል


ኬተር ክሪክ
ኦክቶበር 4

ውድ ሚስ ፔል፤

ሰላም ለእርስዎ ይሁን። በመጀመሪያ ያጠፋሁትን ልናዘዝ። የሰረዙትን አሥረኛ አነበብኩት። ወረቀቱን ከመስኮቱ መስታወት ጋር ለጥፌ በፀሐይ ብርሃን አየሁት። «ዘጠነኛው ቆጠራ» ይላል። ከቀለሙ ውፍረት የተነሳ ስንት ጊዜ እንደሰረዙት ባላውቅም፣ መጽሐፉን ግን አስመጥቼ በሁለት ቀን ጨረስኩት። ቆጣሪው ቤት ለቤት እየዞረ «በዚህ ቤት ጥያቄ የሚጠይቅ አለ?» ሲል፣ ጥያቄ የጠየቀም ከሕዝቡ ቁጥር ሲወጣ፣ ጎረቤቱም ባላየ ሲያልፈው፣ እንዲህ ያለ መጽሐፍ ለምን እንደደበቁኝ ሊገባኝ አልቻለም።

ሰው ተሻምቶ እየተዋሰ መደርደሪያው ባዶውን ነው የሚውለው። ቨርሊን «ቆጠራውን» ወስዶ የኩባያ ክብ አትሞበት መለሰና «ይሄማ የአማቴ ቤት ነው» አለኝ። ብርድ ልብስ የሚሰፉት ሴቶች ተራ ይዘውበታል። ለወንድሙም አንድ ገዝቶ ላከለት አሉ።

አሁን ሌላውን ልንገርዎ። ሁለት ቀን መጻፍ አቅቶኝ ነበር። ሰኞ ዕለት የሟቹ የፓስተር ቶለፍሰን ባለቤት ኖርማ በአንድ እጇ የፖም ኬክ፣ በሌላው የአቤቱታ ቅጽ ይዛ መጣች። «ዘጠነኛው ቆጠራ» ከመደርደሪያ ይውጣ ትላለች። ቅጹ ላይ «መጽሐፉን እስከ መጨረሻው አንብበዋል?» ለሚለው «ባለቤቴ አንብቦታል» ብላ ሞልታለች። ሳቄ መጣ። ሳቄን ሳልጨርስ ከቅጹ ጀርባ በመርፌ የተያያዘች ቢጫ ወረቀት አየሁ። እንዲህ ትላለች፦

«ክቡር ፓስተር፤ በጠየቁኝ መሠረት መጽሐፉ ከመደርደሪያ ወጥቷል። የሚያውቅ የለም፤ የሚያውቅም አይኖርም። ዶ. ፔል፣ ማርች 1987።»

ወረቀቷን ሁለት ጊዜ አነበብኳት። ኖርማ ደግሞ እጄን ይዛ «የኔ ልጅ፣ ሚስ ፔል እኮ እንዲህ አላስቸገረችንም። ባለቤቴ ጋይሎርድ አንድ ቃል ተናገራት፣ አለቀ። አንቺም እንደሷ ብትሆኚ ምን አለበት?» ትለኛለች። ከሄደች በኋላ የልጆቹ ትንሽ ወንበር ላይ ተቀምጬ ወረቀቷን ከደብዳቤዎችዎ ጋር አስተያየኋት። መጻፍ ያስተማሩኝ እርስዎ ነዎት፤ ያንን የእጅ ጽሕፈት የት ባየው አጣዋለሁ?

ቦርዱ ኦክቶበር 24 ይሰበሰባል። ለቨርሊን ነግሬዋለሁ፤ መጽሐፉ ከወጣ እኔም ቁልፉን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጬ እወጣለሁ። ሌላ ሥራ እንደማላውቅ ያውቃሉ። ስለዚህ እባክዎ፣ ጽሕፈቱ የኔ አይደለም ይበሉኝ።

ትዊላ


ቱሶን
ኦክቶበር 9

ልጄ ትዊላ፤

ደብዳቤሽ ደርሶኛል። እዚህ ዝናብ ዘንቦ ሰው ሁሉ ደጅ ወጥቶ ሲያይ ዋለ። የሉሲል ውሻ ታሞ ሐኪም ቤት አድሯል። ዓይኔም እያስቸገረኝ ስለሆነ ረጅም አልጽፍም።

የኖርማን ኬክ አትብዪ፤ ቀረፋ ታበዛለች።

ዶ.


ኬተር ክሪክ
ኦክቶበር 13

ሚስ ፔል፤

ውሻውን እግዚአብሔር ይማረው። ሐሳቤ ግን ሌላ ነው፤ አዎ ወይም አይደለም የሚል አንድ ቃል ጠይቄዎት ስለ ዝናብ ጻፉልኝ።

እኔም ዝም አላልኩም። ምድር ቤት ወርጄ የድሮውን መዝገብ አገላበጥኩ። «ዘጠነኛው ቆጠራ፤ ለአምስት ዓመት ማንም ስላልተዋሰው ከመደርደሪያ ወጥቷል» ይላል፣ በእርስዎ ጽሕፈት። ከላይ ደግሞ የተገዛበት ቀን አለ፤ ሜይ 1986። መጽሐፉ ቤታችን ዓመት እንኳ ሳይሞላው አምስት ዓመት ሙሉ ሳይነበብ እንዴት ተቀመጠ? ቦርዱ ይህን ፈርሞበታል። ሠላሳ ስድስት ዓመት ማንም አላየውም።

ከዚያ በኋላ ሌሎቹንም ማየት ጀመርኩ። እንዲህ ቀናቸው የማይገጥም ሃያ ሲሞላ መቁጠሬን ተውኩ። መዝገቡን ዘግቼ ወደ ላይ ወጣሁ። የንባብ ክፍሉ በር ላይ ስምዎ በነሐስ ተጽፎ ተሰቅሏል፤ ጠዋት ጠዋት የማጸዳው እኔ ነኝ።

ስንት ናቸው?

ትዊላ


ቱሶን
ኦክቶበር 17

ልጄ ትዊላ፤

አርባ ሦስት ናቸው።

ጽሕፈቱ የኔ ነው። ከዚህ ደብዳቤ ጋር የተላከውን ጥቅል ገና ካልከፈትሽው አትክፈቺው፤ መጀመሪያ ይህን ጨርሺ።

ዘዴውን ለማንም ነግሬ አላውቅም። ያኔ እያንዳንዱ መጽሐፍ ጀርባው ላይ በኪስ የሚቀመጥ ካርድ እንደነበረው ታውቂያለሽ፤ የተዋሰ ሰው ስሙን ይጽፍበታል፣ እኔ ቀኑን አትምበታለሁ። አምስት ዓመት ያልተነካ መጽሐፍ ይወጣል፤ ደንቡ ነው። እኔ ሰው ያጉረመረመበትን መጽሐፍ ካርድ አውጥቼ ባዶ ካርድ እከትበታለሁ። የቦርዱ ሰዎች ባዶውን አይተው ይፈርማሉ። የተገዛበትን ቀን ማመሳከር ማንም ትዝ አይለውም፤ እኔም ትዝ አላለኝም። ያንን ስህተት ያገኘሽው እኔ ያስተማርኩሽ ልጅ መሆንሽን ሳስብ አንድ ዓይኔ አለቀሰ፣ አንዱ ሳቀ። ሠላሳ ዘጠኝ ዓመት አቤቱታ ያልቀረበብኝ ከአቤቱታው ቀድሜ ስለምደርስ ነው።

ሰበቤን ልንገርሽ፤ እንደ ሰበብ ሳይሆን እንደሆነው። ፓስተሩ «የቤተ መጻሕፍቱ ግብር ለሕዝብ ድምፅ ሲቀርብ ምእመናኑ ምን እንደሚሉ እንጃ» አለኝ፣ ፈገግ ብሎ። እኔም ቤቱ ከሚዘጋ አንድ መጽሐፍ ይውጣ አልኩ። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ማለት እኔ ነኝ።

አሁን የሚከብደውን ልጻፈው። «ዘጠነኛው ቆጠራ» ፓስተሩን ለምን ያን ያህል እንዳስቆጣው አልነገርኩሽም። አንዲት ሴት በቤተ ክርስቲያኑ ዓመታዊ ስብሰባ ላይ ተነስታ «እኛ ሴቶች ኬክና ቡና ስናቀርብ እንመረጣለን፤ ድምፅ ስንሰጥ ለምን አንቆጠርም?» ብላ ጠየቀች። አዳራሹ ደነገጠ። ፓስተሩ ይህን ጥያቄ ከየት እንዳገኘችው ሲያጣራ እኔ ዘንድ መጣ፤ እኔም ያነበበችውን መጽሐፍ ነገርኩት። ሴትየዋ እናትሽ አርዲስ ነበረች።

አርዲስ መጽሐፉን ሦስት ጊዜ ተውሳዋለች። ያኔ ጊዜ ለማራዘም መጽሐፉን ይዞ መምጣት ግድ ነበር፤ ፓስተሩ ካነጋገረኝ በኋላ ባለው ቅዳሜም አዲስ የመመለሻ ቀን ማኅተም ልታስመታበት ይዛው መጣች። አንቺ ከልጆቹ መደርደሪያ ሥር ተንበርክከሽ ነበር። «ላሞቹ ከታለቡ በኋላ ብቻ ነው የማነበው ሚስ ፔል፣ ሁለት ሳምንት ይጨምሩልኝ። ሊያልቅልኝ ነው፣ መጨረሻውን እንዳይነግሩኝ» አለች። እኔም ከእጇ ተቀብዬ «ሌላ ሰው ተራ ይዞበታል» አልኳት። «እንግዲያው የኔንም ተራ ይጻፉልኝ» አለች። ጻፍኩላት። በሚቀጥለው ቅዳሜ መጥታ «ተራዬ ደረሰ?» አለች። «ገና ነው» አልኳት። በሦስተኛውም መጣች። በአራተኛው ከፒካፑ አልወረደችም። እንደዋሸኋት ገብቷት ነው። ከዚያ በኋላ አሥራ አንድ ዓመት ሞተሩ ደጄ ላይ ሲያጉረመርም እሰማ ነበር፤ አንድ ቀን ወጥቼ አላናገርኳትም።

መጽሐፉ ጥቅሉ ውስጥ ነው። አልጣልኩትም፤ ከአገር አገር ይዤው ዞርኩ። አርባ ሦስቱም ካርዶች አሉ። ዝርዝሩን በንጹሕ ወረቀት መገልበጥ እችል ነበር፤ ሰርዤ የላክሁልሽ ለምን እንደሆነ አሁን ራሴም ይገባኛል።

ይህን ለቦርዱ አንብቢላቸው፤ ስሜንም ከበሩ ላይ አውርጂው። የ«ቆጠራውን» ካርድ አገላብጠሽ እዪ። ከተጻፉት አሥራ አራት ሰዎች አንዷ ኖርማ ናት፣ በራሷ እጅ። በዚያ አፏን ማስያዝ ትችያለሽ።

ይቅርታ ለመጠየቅ ፊት የለኝም። ቢሆንም እጠይቃለሁ።

ዶርካስ


ኬተር ክሪክ
ኦክቶበር 26

ውድ ሚስ ፔል፤

በሁለት ቀን ሁለት ፖስታ ልከው ስለ ስብሰባው ጠይቀውኛል። ቃለ ጉባኤውን አያይዣለሁ፤ እኔ መድገም አልፈልግም። ሦስት ለሁለት፣ መጽሐፉ ይቆያል። ቁልፉም እኔ ጋ ነው። አርባ ሦስቱን መልሰን እንድንገዛ ያሳሰበው ቨርሊን ነው።

ስለ አርባ ሦስቱ የጻፉትን አነበብኩላቸው። እንደ መብረቅ ነው የወረደባቸው። እርስዎ ልጆቻቸውን ሁሉ ማንበብ ያስለመዱ ሰው ነዎት፤ አንዳንዱ ለርስዎ አዘነ፣ አንዳንዱ ለራሱ። ስለ እናቴ የጻፉትን ግን ከደብዳቤው ለይቼ ቤቴ አስቀርቼዋለሁ። የነሐሱ ስም እስካሁን አልወረደም። ቨርሊን መፍቻ ይዞ መጥቶ «ምን ላድርግ?» ሲለኝ «ከሥሩ ለሌላ ስም ቦታ አለ?» ብዬ መለስኩለት።

በካርዱ የኖርማን አፍ አስይዤ እንደሆነ ጠይቀዋል፤ አላደረግኩትም። እዚህ በተቀጠርኩበት ቀን ምን አሉኝ? «ማን ምን እንዳነበበ ከዚህ ጠረጴዛ አይወጣም።» ያንን ቃል እርስዎ ለእናቴ አልጠበቁላትም፤ እኔ ለኖርማ ጠበቅኩላት። ካርዱን ከፍ አድርጌ «እዚህ ላይ የአሥራ አራት የከተማችን ሰዎች ስም አለ። የማነበው አንዱን ብቻ ነው፤ ልጇ ስለሆንኩ» አልኩ። አነበብኩት። ኖርማ ካርዱን ገና ሳወጣው አውቃዋለች፤ ፊቷ አመድ መስሎ ቀረ። ስትወጣ በሩ ላይ ቆም ብላ «አርዲስ ከኔ የተሻለ ኬክ ትጋግር ነበር» አለችኝና ሄደች።

ይቅር ብዬዎት እንደሆነ አላውቅም። ጥቅሉን የከፈትኩ ዕለት ብቀርብዎ ኖሮ ምን እንደምል ፈጣሪ ያውቃል። አርባ ሦስት ዓመቴ ነው፤ ዕድሜዬን ሙሉ «እናቴ መጽሐፍ አትወድም» ስል ኖሬአለሁ። ለሰው ሁሉ፣ በቀብሯም ላይ ጭምር። ያንን ያህል ቅዳሜ እኔን ደጃፉ ላይ ስታወርደኝ ምን እያሰበች እንደነበር አንድ ቀን አልጠየቅኳትም። እርስዎን ብቻ አይደለም የተቀየምኩት። ቢሆንም መጻፍዎን አይተዉ። ስለ መቃብሩ ሲጠይቁኝ ከእንግዲህ ለምን እንደሆነ አውቃለሁ፤ መልሱንም እጽፍልዎታለሁ።

መጽሐፉ ውስጥ የእናቴን የገጽ ምልክት አገኘሁ። ከበቆሎ ዘር ከረጢት የተቀደደች ቁራጭ ናት፣ ገጽ 211 ላይ። «እንዳይነግሩኝ» ያለችው ሰማንያ ገጽ ሲቀራት ነበር።

ፒካፑ አሁንም ይሄዳል። ዛሬ ቤተ መጻሕፍቱን ከዘጋሁ በኋላ ደጃፉ ላይ አቆምኩት፤ ድሮ እሷ በምታቆምበት። ሞተሩን አጠፋሁና ወደ ጎን ወንበር ተሻግሬ የመሪውን ወንበር ለሷ ተውኩላት። ከ212 ጀምሬ ጮክ ብዬ እስከ መጨረሻው አነበብኩላት። ከዚያ ገብቼ የድሮውን ማኅተም ከመሳቢያ አወጣሁና ካርዱ ላይ ከመጨረሻው ስሟ ሥር የዛሬን ቀን አተምኩ። ጊዜ እንዲራዘምላት ነበር የመጣችው፤ አራዘምኩላት።

ትዊላ